በኢቡ አንደበት

ጫማው ተቀይሯል።

ዊዶ በመስጊዱ ደረጃ ላይ ባዶ እግሩን ቆሞ አየው። ከጁምዓ ሶላት በፊት ያወለቀው ቡናማ ነጠላ ጫማ ነበር። አሁን በስፍራው ጥቁር ተቀምጧል፤ ልኩ የእርሱው፣ አፍንጫው ወደ አደባባዩ የዞረ።

ወደ አደባባዩ የዞረ ጥቁር ጫማ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። አጎት አሁኑኑ ይፈልገዋል።

«ልጄ፣ ዛሬም ወሰዱብህ?» አሉ አጠገቡ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን የሚፈልጉ ሽማግሌ። «እኔማ ሌባው እንዲንቀኝ ብዬ የተበጠሰ ነው የማደርገው።»

«የተሻለ ትተውልኛል፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ሌባው ዛሬ ከልቡ ነው የሰገደው!»

ዊዶ ሳቀ። የተጠና ሳቅ ነበር፤ ከዐይኑ አልደረሰም። ጥቁሩን ተጫምቶ ከሰዉ ጋር ወረደ። የመጻሕፍት መደብሮቹን ዞረ፤ በፎቶ ቤቱ መስተዋት ጀርባውን አየ። የተከተለው አልነበረም። ሁለት አረንጓዴ ሚኒባሶች አሳልፎ ሦስተኛው ላይ ወጣ።

ከሹፌሩ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ገራገር መሳይ፣ በጨርቅ የተሸፈነ የወፍ ቤት በጭኑ ያቀፈ። በባንዱንግ ከተማ ወፎቻቸውን ለዝማሬ ውድድር ይዘው ከሚዞሩ ጡረተኞች አንዱ ነው ቢባል ማንም ያምናል። የስለላ መሥሪያ ቤቱ «አጎት» ይለዋል። ዊዶን ደግሞ «ቀጋ» ይለዋል። «ዊዶ» ራሱ በተማሪነት መታወቂያው ላይ የተጻፈ ስም ነበር እንጂ እናቱ ያወጣችለት አልነበረም። መታወቂያው ሃያ አንድ ዓመቱ ነው ይላል፤ ይህም ሐሰት ነው።

«ጀርመንኛህ ጎብዟል አሉ» አለ አጎት፣ ከመስኮቱ ዐይኑን ሳይነቅል።

«እየጣርሁ ነው።»

«ወሬህ ግን ዲዳ ሆኗል። ሴትዮዋ ረቡዕና ሐሙስ የት ነበረች?»

«ጉንፋን ይዟት ተኝታ ነበር። ለክፍሉ እንዲያ ነው የተነገረን።»

«ተኝታ» ማለቱ ምላሱን አሳፈረው። በክፍል ውስጥ መምህሩን «ኢቡ» ነበር የሚላቸው፣ እናቴ እንደማለት፤ በልቡም በአንቱታ ነበር የሚያስባቸው። አጎት ፊት ሲደርስ ግን አክብሮቱን እንደ ጫማው ደጅ ላይ ማውለቅ ለምዷል።

«ቤቷ አልነበረችም። ልጆቼ በሯ ላይ የሚቆሙት ለጤናቸው መሰለህ? በጎረቤት አጥር ወጥታ ጠፋችባቸው። የቋንቋ አስተማሪ! የእኔን ልጆች!» አጎት የወፉን ቤት ጨርቅ አስተካከለ። «ሚዳቋ ዘንድ ሄዳ ነበር። የት እንደሆነ ትነግረኛለህ።»

ሚዳቋ የጉሚላር የምስጢር ስም ነበር። ጉሚላር የሕግ ተማሪ ነው። በከተማዋ ዳር በሚገኝ የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞቹ አድማ ሲመቱ ተኩስ ተከፈተ፤ ጉሚላር የሞቱትን ስም በጀርመንኛ ጽፎ ወደ ውጭ ጋዜጦች ላከና ተሰወረ። ጀርመንኛውን ያስተማሩት ኢቡ ኑርዉላን ነበሩ። ቀጋ በኢቡ ክፍል ተማሪ ሆኖ የተተከለውም እርሱን ፍለጋ ነው።

«ባላውቅስ?»

«እስከ ሰኞ ካልነገርኸኝ ሴትዮዋን ራሷን ወስጄ እጠይቃታለሁ። እንዴት እንደምጠይቅ ታውቃለህ።»

ያውቃል። አንድ ጊዜ ከዚያ ክፍል በር ላይ ሻይ ይዞ ቆሟል። ሻዩ በእጁ ላይ ቀዘቀዘ፤ የሚያስገባው አልነበረም።

«ልጁን ከሰጠሁህ ግን እርሷን አትነኩም?»

«ፀጉሯ አይነካም። በእናቴ።»

«ልጁስ?»

«ሁለት ሦስት ጥያቄ። ከዚያ ወደ ቤቱ።»

ወፉ ከጨርቁ ሥር አንድ ጊዜ ጮኸ። አጎት ወደ መንገዱ፣ ቀጋ ወደ ጫማው ተመለከቱ። የተባለውን ያመነ በሚኒባሱ ውስጥ አልነበረም።

*

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የኮሌጁን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። ኢቡ ኑርዉላን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገቡ፤ ቀጭን፣ ዐይናቸው የደከመ፣ የፀጉር መሸፈኛቸው ጫፍ የረጠበ። በእጃቸው የላስቲክ ከረጢት ይዘዋል።

የመካከለኛ ደረጃ ጀርመንኛ ክፍል ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ዕቃ ይጠራል፤ ወንበር፣ ዳቦ፣ መስኮት። በመጨረሻው የደረሰ ደግሞ መቀለድም፣ ማሽሞንሞንም፣ መዋሸትም ይቻለዋል ይባላል። መካከለኛው ግን ርኅራኄ የለውም። አስተያየትህን ይጠይቅሃል፣ ምክንያትህን ይጠይቅሃል፤ የምትሸሸግበትን ቃል ግን ገና አልሰጠህም። ዊዶ ለሥራ የገባበትን ይህን ቋንቋ ሳያስበው ወድዶት ነበር። በአገሩ ቋንቋ የሚናገረው ሁሉ በመሥሪያ ቤቱ የተጻፈለት ነው፤ በጀርመንኛ ግን የራሱን ዐረፍተ ነገር ከምንም ተነሥቶ ይሠራ ነበር።

«መጀመሪያ ብሉ» አሉ ኢቡ፣ ከረጢቱን እየፈቱ። «ጎረቤቴ ሰጥታኝ ነው። ብቻዬን አልጨርሰውም።»

በቅጠል የተጠቀለሉ ትንንሽ ጥቅሎች ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ዊዶ የእርሱን ፈታ። ውስጡ አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ ጣፋጭና ኮምጣጣ የሆነ የተብላላ ሩዝ ነበር።

ቅጠሉን አሸተተ።

የጃምቡ ፍሬ ዛፍ ቅጠል ነው።

ሌላው አገር ሁሉ ይህን ሩዝ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላል። በጃምቡ ቅጠል የሚጠቀልሉት በቺረማይ ተራራ ግርጌ ያለችው የኩኒንጋን ከተማ ሰዎች ናቸው። እርሱ ያውቃል፤ አባቱ በዚያ መስመር የአውቶቡስ ረዳት ነበሩና በልጅነቱ ይህን ቅጠል ከአባቱ ኪስ እየሰረቀ አድጓል። ሩዙም ገና አልጎመዘዘም፤ ትናንት የተገዛ ነው።

ኢቡ በጎረቤት አጥር ዘልለው፣ ሰላዮችን አሳስተው፣ ነፍሳቸውን አስይዘው የሄዱበትን መንገድ ማንም አልደረሰበትም። ሲመለሱ ግን እጃቸው እንቢ አላቸው። ከመንገድ የተመለሰ ሰው ለሚጠብቁት የሚቀመስ ነገር ሳይዝ መግባት በዚያ አገር ነውር ነው፤ ነውሩም ከፍርሃታቸው በለጠ።

«ኢቡ፣ ይሄ ያሰክራል?» አለ ቶጋር ከኋላ፣ አፉን ሞልቶ። ቶጋር ከሱማትራ ደሴት የባታክ ብሔር ልጅ ነው፤ ሲያንሾካሹክ እንኳ ኮሪደሩ ይሰማዋል። «ካሰከረ ፈተናውን አሁን ስጡን፤ ጀርመንኛ የሚወጣልኝ ስሰክር ነው!»

«አንተ ሳትሰክርም አትገባንም» አሉ ኢቡ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈነዳ።

ዊዶ በላ። ጣፋጭ ነበር። እያንዳንዱ ጉርሻ በጉሮሮው ሲወርድ ፊቱ እየጋለ ሄደ፤ የሚበላው ሩዝ የጉሚላርን መደበቂያ እንደሚያጋልጥ እያወቀ መብላቱን አላቆመም።

የዕለቱ ልምምድ «የማደንቀው ሰው» የሚል ነበር፤ ሁሉም ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገራል። ቶጋር የሚያደንቀው የግቢውን ዘበኛ መሆኑን፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ አርፍዶ ሲመጣ ከእርሱ ይልቅ ዘበኛው እንደሚያፍር ገለጠ። ቀጥሎ ዊዶ ተነሣ። የተጻፈለት ታሪክ ዝግጁ ነበር፦ አባቱ በሰማራንግ ከተማ ፋርማሲስት ናቸው። አፉን ከፈተ። የቅጠሉ ሽታ አሁንም ጣቱ ላይ ነበር።

«አባቴን አደንቃለሁ» አለ በጀርመንኛ። «የአውቶቡስ ረዳት ነበር። አለቃው ከፌርማታ ውጭ አትቁም ቢለውም፣ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሁሉ ያስቆም ነበር። ምክንያቱም ዝናብ የሚዘንበው በሁሉም ላይ ነው ይል ነበር።»



«ላኤ!» አለ ቶጋር። ላኤ በባታኮች ዘንድ አማቼ፣ ወዳጄ ማለት ነው። «አባትህ ባለፈው ዓመት ፋርማሲስት አልነበሩም እንዴ? መድኃኒቱ በአውቶቡስ ነው የሚታደለው?»

ክፍሉ ሳቀ።

ዊዶ አልሳቀም።

ሁለት ዓመት የለበሰው ካባ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተቀድዶ ነበር።

«ተወው፣ ቶጋር» አሉ ኢቡ በእርጋታ። «በዚህ ደረጃ ሰው የሚናገረው ባለው ቃል ነው። ዊዶ በጀርመንኛ መዋሸት ገና አልተማረም። ቀጥል፣ የሚቀጥለው።»

ትምህርቱ ሲያበቃ በሩ ላይ አስቆሙት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አባትህን ለምን እንደምትደብቅ ገብቶኛል።»



«ኮሙኒስት እየተባለ ሰው ካለቀበት ከዚያ ከግድያው ዘመን ወዲህ በዚህ አገር ስንት ልጅ የታሰረ አባቱን በሌላ አባት ቀይሮ ይኖራል! የእኔም የወንድሜ ልጆች እንዲሁ ናቸው። ከእኔ አፍ አይወጣም፣ ልጄ። ሌላ ሰው ፊት ግን ተጠንቀቅ። በክፍላችን ጆሮ እንዳለ አውቃለሁ፤ የማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት።» የቀረውን የመጨረሻ ጥቅል መዳፉ ላይ አኖሩት። «ከስተሃል። ብላ።»

መሬት ተሰንጥቃ አልዋጠችውም። ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

*

በማግስቱ ጠዋት በስልክ መደወያው ቤት የመስተዋት ሳጥን ውስጥ ቆሞ ቁጥሩን ጫነ።

«አክስቴ ኩኒንጋን ሄዳ ነበር» አለ፤ ኢቡን በስልክ የሚጠራቸው እንዲህ ነበር።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«በምን አወቅህ?»

መብሉን መናገር ከመብላቱ የከፋ መሰለው።

«ቃልህን አስታውስ» አለ በመጨረሻ።

«የእኔን ቃል ለእኔ ተወው» አለ አጎት፤ ስልኩም ተዘጋ።

የአጎት ልጆች በዕለቱ ኩኒንጋንን አበጠሩ። ምሽት ላይ አንድ እንግዳ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ከአንዲት ባል የሞተባት ሴት ጓሮ፣ በዓሣ ኩሬዎች መካከል እንደሚኖር ወሬ ደረሳቸው። እሑድ ረፋድ ላይ አጎት ቀጋን በሩዝ ማሳ ዳር፣ በቆመች መኪና ውስጥ ተቀብሎ አቅጣጫውን አሳየው።

«ያቺ ናት ቤቷ። ፎቶው አሮጌ ነው፤ ጢም አብቅሏል፣ መነጽር ጥሏል ይላሉ። ሰው ተሳስቼ ብይዝ ወሬው ቀድሞ ሚዳቋን ያስፈረጥጠዋል። ማሳው ገላጣ ነው፤ ወደ በሩ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ አንተ ትገባለህ። ከእርሷ የተላክሁ ነኝ በለው። በጀርመንኛ አናግረው፤ በዚህ አውራጃ የሚመልስልህ ሰው እርሱ ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?»

«እርሱ ከሆነ ወደ በረንዳው ወጥተህ እግርህን ታጠብ። እኛ እንመጣለን።» አጎት ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። «ከቤቱ በስተኋላ ቀርከሃና ጭቃ ነው። እዚያ የማቆመው ሰው የለኝም፤ ያለነው ሁላችንም ፊት ለፊት ነን። ስለዚህ አፍህን ጠብቅ። ከደነገጠ በዚያ በኩል ያመልጠናል።»

ቀጋ ይህን ሰማ። በጆሮው ሳይሆን በሆዱ ሰማው።

በስተኋላ ሰው የለም።

ከባንዱንግ የያዘውን በሙዝ የተሞላ ኬክ አንሥቶ ከመኪናው ወረደ። እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም።

ሰውዬው ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብሎ ለዓሦቹ ቅጠል ይበትን ነበር። ጢሙ ተዝረክርኳል። ቀና ብሎ ሲያይ ዐይኑን አጠበበ፤ መነጽር የለመደ ዐይን ነው።

«ደህና ዋልህ፣ ወንድሜ» አለ ቀጋ፣ ከዚያም በጀርመንኛ፦ «መምህራችን ሰላም ብለውሃል። ደህና ነህ?»

«ምንድነው የምትለው? እኔ ዓሣ ነው የማረባው።»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ብዙ ያስቡልሃል። እንድጠይቅህ ፈልገው ነበር።»

ሰውዬው ቅጠሉን ከእጁ ጣለው። ሳይታሰብ ሳቀ።

«የእርሳቸውን ዜማ ነው የምትናገረው!» አለ በጀርመንኛ። «ጥያቄውን ሁሉ እንደ እናት እሹሩሩ መጨረሻው ላይ ታነሡታላችሁ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚናገር ጀርመን የለም። ይህን አነጋገር ማንም አያስመስልም፤ ከአፋቸው ካልተማሩት። ግባ፣ ግባ! ስምህን አትንገረኝ። ባላውቀው ይሻላል።»

ቀጋ በምን እንደተከፈተለት ገባው። መሥሪያ ቤቱ ከሰጠው ቁልፍ ሁሉ አንዱም እዚህ አልሠራም። በሩን የከፈተለት ኢቡ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየቀሩ፣ አንዱን ድምፅ አሥር ጊዜ እየደጋገሙ በአንደበቱ ላይ ያኖሩት ዜማ ነበር።

«የምነግርህ ነገር አለኝ» አለ ጎጆው ውስጥ።

«መጀመሪያ ብላ። ወሬ ይደርሳል።» ጉሚላር የተጠበሰ ዓሣ፣ ሩዝና በርበሬ አቀረበለት። «ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ከራሴ ጋር በጀርመንኛ ነው የማወራው፤ ባልቴቷ ጸሎት ይመስላቸዋል። ኢቡ በሰላም ገቡ? አትምጡ ብያቸው ነበር።»

«በሰላም ገብተዋል።»

«እናቴ ማረፏን ሊነግሩኝ መጡ» አለ ጉሚላር፣ ዓሣውን እየፈለቀቀ። «በሰው የሚላክ መርዶ አይደለም አሉ። ቁጭ ብለው አብረውኝ አለቀሱ። ሲሄዱ ደግሞ ለተማሪዎቼ ምን ይዤ ልግባ ብለው ተጨነቁ። ገበያው ድረስ ሄደው እንዳይታዩ ስለፈራሁ ባልቴቷን ልኬ አስገዛሁላቸው። ደረሳችሁ?»

«ደረሰን።»

«ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር» አለ ቀጋ። ሩዙ አፉ ውስጥ ወደ አሸዋ ተለወጠ።

እጁን ታጥቦ ተነሣ። ወደ በረንዳው የሚወስደው በር በግራው ነው። የውሃ ጋኑ ይታየዋል። ጥቂት እርምጃ ነበር።

አልሄደም።

«ስማኝ» አለ በጀርመንኛ። ቃላቱ አጫጭር ነበሩ፤ የነበሩት እነርሱ ብቻ ናቸው። «ሂድ። አሁን። በኋላ በር። ፊት ለፊት ሰዎች አሉ።»

ጉሚላር አልተንቀሳቀሰም። «አንተስ ማነህ?»

በአገሩ ቋንቋ ቢሆን ሺህ መልስ ነበረው።

«ከእነርሱ ነኝ» አለ። «ይቅርታ። ሂድ።»

ጉሚላር ረጅም ጊዜ አየው። አልረገመውም። ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣ፤ ሲያልፍ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ።

«አመሰግናለሁ» አለና በኋላ በር ወጣ።

ቀጋ ቆሞ እግሩን ሰማ። በኩሬው ግንብ ላይ። ከዚያ በጭቃው። ከዚያ በቀርከሃው ውስጥ።

ለአንድ አፍታ ሰው የሆነ መሰለው።

ጩኸት ተሰማ።

ከዚያ የውሃ ድምፅ።

ሮጦ ወጣ። ቀርከሃው ውስጥ አጎት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። ሁለት ሰዎች ጉሚላርን በደረቱ አስተኝተው እጁን የኋሊት ያስሩታል። ጉሚላር አንገቱን አዙሮ ቀጋን አየው። ጭቃው ዐይኑን ብቻ አስቀርቶ ነበር። በዚያ ዐይን ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ለምን በምስጋናዬ ቀለድህ የሚል ግራ መጋባት ብቻ። ቀጋ አፉን ከፈተ። አላወቅሁም ነበር ሊል ፈለገ፤ በየትኛውም ቋንቋ አልወጣለትም። ጎትተው ወሰዱት።

«ጎበዝ» አለ አጎት። «እግርህን መታጠብ እንኳ አላስፈለገህም።»

«በስተኋላ ሰው የለኝም ብለህ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።» አጎት ከጭቃው ለመውጣት እጁን ዘረጋለት፤ ቀጋም በልማድ ያዘው፣ ሳበው። «እኔ ነኝ ያሳደግሁህ፣ ቀጋ። ስታዝን ፊትህ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አርብ ሚኒባስ ውስጥ አየሁት። ፊት ለፊት ብመጣ ልጁ ተራራው ላይ ነበር። አንተ ግን እንደምትነግረው አወቅሁ። ስትነግረው ደግሞ እየሮጠ እቅፌ ውስጥ ገባ። ከሌላ ሰው ክፋቱን ነው የምበደረው፤ ከአንተ ግን ደግነትህን።»

*

አጎት ስለ ኢቡ የገባውን ቃል ጠበቀ። ቀጋ ቃሉ ቢፈርስ ይቀልለው እንደነበር የገባው ሰኞ ዕለት ነው።

ኢቡ ኑርዉላን ወደ ክፍል ገቡ። ዐይናቸው አብጧል። መጽሐፉን ከፈቱ፣ ገጹን ተናገሩ፣ አስተማሩ። የጉሚላር መያዝ በጋዜጣ አልወጣም፤ ባልቴቷ ግን ወሬውን አድርሳቸዋለች። ሌላ ወሬም ከእርሱ ቀድሞ በግቢው ተሰራጭቷል፦ ቶጋር ቅዳሜ ዕለት ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ሲወርድ ታየ። ያየው ሰው ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዊዶ ግን የአጎትን እጅ አወቀው። ሥራው ካለቀ በኋላ ለሰላዩ መሸፈኛ ሌላ ሰው ይጣላል፤ ደንቡ ነው። አፉ የማያርፍ፣ ሁሉን የሚጠይቅ፣ ሩዙ ያሰክራል ወይ እያለ የሚያሽካካ ልጅ ለዚህ ይመቻል።

በቶጋር ግራና ቀኝ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። እጁን ሲያወጣ ኢቡ አላዩትም። ከዚያ በኋላ አላወጣም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዊዶን የኑድል ጋሪው ጋ አገኘው። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዊዶ የቶጋርን ዝቅ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

«ላኤ። አንተም ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«እማዬ ድረስ ደውለው ነግረዋት ነበር። አልቅሳ ገደለችኝ። ምን አደረግሁ? አፌ ነው? አፌማ ከተወለድሁ ጀምሮ እንዲህ ነው!» ለመሳቅ ሞክሮ ተወው። «ኢቡ ሰላም አላሉኝም። እንደ ሌላው ሰው ቢሰድቡኝ ግድ አልነበረኝም። ሰላም አላሉኝም፣ ላኤ።»

«ያልፋል።»

«በጀርመንኛ ንገረኝ።»

«ምን?»

«አምንሃለሁ በለኝ፤ በጀርመንኛ። ኢቡ ምን ብለዋል? አንተ በጀርመንኛ መዋሸት አትችልም።»

ዊዶ አየው። ሰፊ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት ተገልጦ ይጠብቃል።

«አምንሃለሁ» አለ በጀርመንኛ። «አንተ እንዳልሆንህ አውቃለሁ።»

እውነት ነበር። ከተናገራቸው ዐረፍተ ነገሮች ሁሉ የዚህን ያህል እውነት የሆነ አልነበረም።

«ምክንያቱም?» አለ ቶጋር፣ የክፍሉን ልማድ ተከትሎ፣ በትንሽ ፈገግታ። «ኢቡ ያለ ምክንያት አይቀበሉም።»

ባለጋሪው ማንኪያውን በድስቱ ከንፈር ላይ መታ። ሰዉ ያልፋል፣ ያገድማል። ቃሉ በምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ አጭርና ቀላል፣ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪም የሚያውቀው ቃል፦ እኔ።

«ምክንያቱም ጓደኛዬ ነህ» አለ።

ቶጋር አቀፈው። ዊዶ ታቅፎ ቆመ፤ ክንዶቹ ወደ ላይ አልነሣ አሉት።

ከፈተናው በፊት ከግቢው ጠፋ። አባቱ ታመዋል ተባለ፤ የትኛው አባቱ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። ኢቡ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አግኝተውት እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንተንም እየፈለጉህ ነው?» አሉት በሹክሹክታ። «ሂድ። አምላክ ይከተልህ። ቋንቋውን አትተወው።» ጎንበስ ብሎ እጃቸውን በግንባሩ ነካ። የሚሸኙት ማንን እንደሆነ ሳይነግራቸው ተለያቸው። ቶጋር በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሱማትራ መመለሱን ከመሥሪያ ቤቱ ሰማ። ስለ ጉሚላር ጠይቆ ነበር። «የትኛው ጉሚላር?» አሉት።

*

ከባንዱንግ ርቆ፣ በማካሳር ወደብ አሁን ሌላ ስም አለው። ለደረቀ ዓሣ ነጋዴ ሸክም የሚቆጣጠር፣ ቤት የሌለው፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ማን ምን እንደጫነ፣ ማን ከማን ጋር እንደተሳፈረ ያያል፤ ያየውን ወደሚልክበት ይልካል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት አዛውንት ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በጀልባዎቹ መካከል ተደናበሩ። ሴትየዋ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። የሚነጋገሩት በጀርመንኛ ነበር። መድኃኒቴ ቀድሞ በተጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው፣ ያ ሻንጣ ደግሞ ሊሄድ በተዘጋጀው ትልቁ ጀልባ ላይ ነው፣ ለማን ልንገር እያለች ታለቅሳለች። ባልየው እያንዳንዱን መንገደኛ በእጁ ምልክት ይለምናል። ሁሉም ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

እርሱ ሁሉንም ሰማ። አንዲት ቃል አላመለጠችውም።

«ወንድም» አለው አንድ ተሸካሚ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ «ያሳዝናሉ። የሚሉት ነገር ይገባሃል?»

ትልቁ ጀልባ ገመዱን ፈታ። መልስ ቢሰጥ ከአፉ የሚወጣው የኢቡ ዜማ ነው። ያን ዜማ አንድ ሰው በዓሣ ኩሬ ዳር ሰምቶ ስቆ ነበር።

«አይገባኝም» አለ።

ጀልባው ከወደቡ ራቀ። ሴትየዋ የቀረው ሻንጣ ላይ ተቀመጠች። እርሱ ሸክሙን ቆጥሮ ሲጨርስ ፊቱን ወደ ገበያው አዞረ፤ ሰው ይጋፋ ነበር፤ ከሰዉ ጋር ሄደ።